ሰም የነካው ብር

ቦንጋ፣ ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወዳጄ ሰላሐዲን፣

ሰላምታዬን ከኮረሪማው ጋር አስሬ ልኬልሃለሁ። ሁለቱንም የሚያደርስልህ ነቢዩ ነው፤ የኋላ ክፍሌን የተከራየ የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ የጎንደር ልጅ። ለሥልጠና አዲስ አበባ ይመጣል። ሻይ ብቻ አጠጥተህ እንዳትሸኘው፤ ምሳ አብላው። እንደ እኔ አያፍርም፣ ይበላልሃል።

ስደውል ለምን ትዘጋብኛለህ ላልኸው፣ ተቀይሜህ አይደለም። አንተ ስትጮህ ጎረቤቱ ሁሉ ይሰማሃል፤ እኔ ብቻ አልሰማህም። ብርቄን ከቀበርን ወዲህ ጆሮዬ ጭራሽ ብሶበታል። ሐኪሙ ዕድሜ ነው አለኝ፤ እኔ ግን አርባ ምናምን ዓመት የሰማኋት ሚስቴ ስለሄደች ይመስለኛል። ስለዚህ እንደ ድሮው እንጻጻፍ። ባንክ ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠን ስንሠራ እንኳ ኃላፊው እንዳይሰማን በቁራጭ ወረቀት አልነበር የምናወራው?

ወደ ጥያቄህ ልምጣ። አዎ፣ ሦስቱም የሳንቲም ስብስቦች አሉ። የነገሥታቱ ብር፣ የስልሳ ዘጠኙ ባለ አንበሳ፣ የሕፃናት ዓመት መታሰቢያው፤ በየሣጥናቸው ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጠዋል። አልሸጥኳቸውም፣ ለማንም አልሰጠኋቸውም። ውጭ አገር ይላኩ፣ ባለሙያ አይቶ ደረጃ ያውጣላቸው፣ በፕላስቲክ ታሽገው ይመለሱ ያልኸው ግን አልተዋጠልኝም። ሳንቲም እንደ ተማሪ ማርክ ይሰጠዋል እንዴ? ያውም ከሰባ! ለምን ከመቶ አልሆነም? እኔ የሰበሰብኳቸው ደስ ስለሚሉኝ ነው፤ አንድ የማላውቀው ሰው አይቶ «ስልሳ ሦስት» ቢለኝ ምን ሊጨምርልኝ ነው?

ደግሞ ዝናቡ አላቆመም፣ በዚህ መንገድ ሣጥን ማስጫን አልፈልግም። ደግሞ ነቢዩ ብዙ ዕቃ ይዟል። ደግሞ የቁም ሣጥኑ ቁልፍ የት እንደገባ እንጃ። ምክንያት ስደረድር ታውቀኛለህ፤ አልፈልግም ማለቴ ነው።

ልጃችን አብርሆት ደህና ናት፤ ደካ ትምህርት ቤት እያስተማረች ነው። ጤናዬን ለጠየቅኸኝ፣ ደህና ነኝ። ባለፈው ሳምንት ስልኬ ዝግ የሆነብህ ጅማ ለአንድ ወዳጄ ልጅ ሠርግ ሄጄ ነው።

ሣህሌ

*

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሣህሌ ወንድሜ፣

ኮረሪማው ደርሶ ቤታችን ቦንጋ ቦንጋ ሸቷል። ነቢዩ ምሳ በላ፤ እንዳልኸውም አላፈረም። ልጁን ወድጄዋለሁ።

ስለዘገየሁ ይቅርታ አድርግልኝ። ሱቁን ከፒያሳ ካነሳሁ ወዲህ ዕቃዬ ገና መልክ አልያዘም። አዲሱ ሱቅ ከመጥበቡ የተነሣ ገዢ ሲገባ እኔ መውጣት አለብኝ። ብቻ ግድግዳው ደረቅ ነው፣ ለአሮጌ ገንዘብ ደግሞ እሱ ይበቃል፤ አልሐምዱሊላህ።

አዎ፣ ማርኩ ከሰባ ነው። ለምን ከመቶ እንዳልሆነ አትከራከረኝ፣ ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። የምነዘንዝህም ለማርኩ ብዬ አይደለም። በስልክ ልነግርህ ያልቻልኩትን ምክንያት አሁን ልጻፍልህ።

የጅማውን አምባውን መቼም አትረሳውም፤ ለአንድ ሳንቲም ብሎ እስከ ሐረር የሚሄደውን። ነሐሴ ላይ አረፈ። ልጆቹ ክፉዎች አይደሉም፣ አባታቸውንም በክብር ቀብረዋል። ግን ስለ ሳንቲም የሚያውቁት ነገር የለም። ቤቱን ሲያጸዱ ብሩን በሙሉ ከረጢት ውስጥ ከተው ለአንጥረኛ በሚዛን ሸጡት። እንደሰማሁ ጅማ ሄድኩ። አንጥረኛው ጨዋ ሰው ነው፣ አስቀምጦ አስተናገደኝ፤ ያሳየኝ ግን አምባርና የአንገት ሐብል ነው። አምባው ዕድሜውን ሙሉ የለፋበት ነገር ቀልጦ ጠበቀኝ። እዚያው በርጩማው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

በፕላስቲክ የታሸገ፣ ስምና ቁጥር የተለጠፈበት ሳንቲም ቢሆን ኖሮ ልጆቹ «ይሄ ምንድነው?» ብለው ሰው ይጠይቁ ነበር። ማንም አንሥቶ እሳት ውስጥ አይከተውም። ለአንተ ሳንቲሞች የምፈልገው ይህንኑ ነው። የእህቴ ልጅ ሀምዛ ጥር ላይ ወደ ውጭ ይሄዳል፤ በእጁ ይዞ አድርሶ በእጁ ይመልስልናል። አሁን እንቢ ካልኸኝ ሌላ እንደ እሱ የማምነው ሰው የለኝም።

አብርሆትን ጠይቀሃታል? ነገ የእሷ አይደሉም?

ሠርጉን በተመለከተ፣ ነቢዩን «ሙሽራይቱ ታምራለች?» ብዬ ስጠይቀው ዓይኑን ሰሐኑ ላይ ተከለ። እኔም ወጥ ጨመርኩለት። ስትፈልግ ትነግረኛለህ።

ሰላሐዲን

*

ቦንጋ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰላሐዲን፣

ሠርግ አልነበረም። ሆስፒታል ተኝቼ ነበር። ልብህ አብጧል አሉኝ። መድኃኒት እየወሰድኩ ነው፣ ጨው ትቻለሁ፣ ወደ ቤቴ የሚወስደኝን ዳገትም በባጃጅ ነው የምወጣው። ባለ ባጃጁ «ጋሼ፣ እንደ ሹም ሆኑ» ይለኛል። አንተን መዋሸቴ ይቆጨኛል፤ የዋሸሁህ እንዳትደነግጥ ብዬ ነው። ለአብርሆት አልነገርኳትም፣ አንተም እንዳትነግራት። የትምህርቱ ዘመን መሐል ላይ ናት፤ በዚያ መንገድ ከደካ እየከነፈች ብትመጣ የእኔ ልብ አይችለውም።

የአምባውን ነገር ካነበብኩ በኋላ ሣጥኖቹን አልጋ ላይ ደርድሬ ሳያቸው ዋልኩ። ያንን አንጥረኛ ሳላውቀው ፈራሁት። እኔም እንደ አምባው ድንገት ብሄድ እነዚህ ነገሮች ምን እንደሆኑ የሚናገርላቸው ሰው የለም። ስለዚህ አሸነፍከኝ፣ ሦስቱንም ለሥልጠናው በሚመለሰው በነቢዩ እጅ ልኬልሃለሁ።

አብርሆትን አልጠየቅኳትም። ስለ ሳንቲም ምን ታውቃለች? ልጅ ሆና «የአባዬ ቆርቆሮዎች» ነበር የምትላቸው።

አንድ ነገር ልንገርህ። ላያቸው ሰም አለው። የቦንጋን እርጥበት ታውቀዋለህ፤ ጫማ እንኳ አልጋ ሥር ይሻግታል። ሳንቲሞቹ አረንጓዴ ሊያወጡ ሲጀምሩ ብርቄ ናት ሰም የቀባቻቸው። ማንኪራ የሚኖር የንብ አናቢ ልጅ አይደለች? ሰም የማያድነው ነገር ያለ አይመስላትም ነበር። ለእሷ የተሰነጠቀ በር ይሁን የተሰነጠቀ ተረከዝ መድኃኒቱ አንድ ነው። እና በፕላስቲኩ ሲታሸጉ እንዲህ እንዳሉ ነው አይደል የሚቀሩት? አዎ በለኝ። የተስማማሁት በአብዛኛው ለዚህ ነው።

ሣጥኖቹን ስትከፍት በእርጋታ።

ሣህሌ

*

አዲስ አበባ፣ ጥር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሣህሌ፣

በመጀመሪያ ስለ ልብህ። ተቀይሜሃለሁ፤ ቅያሜዬን ግን ስትድን አነሣዋለሁ። መድኃኒቱን እንዳታቋርጥ፣ ነቢዩንም ጠባቂ አድርጌ ሾሜብሃለሁ።

አሁን ደግሞ የምሥራች! ሣጥኖቹ በሰላም ገብተዋል። እንዳሉ ይቀራሉ ወይ ላልኸኝ፣ አዎ፣ ከታሸጉ በኋላ ለዘላለም እንዳሉ ይቀራሉ። መጀመሪያ ግን መጽዳት አለባቸው። ደረጃ አውጪዎቹ ባዕድ ነገር ያለበት ሳንቲም ሲመጣላቸው «ችግር ያለበት» ብለው ጽፈውበት ያለ ማርክ ይመልሱታል። ስለዚህ ለሙከራ የስልሳ ዘጠኙን ስብስብ ለዚሁ ተብሎ በሚሸጥ ፈሳሽ ነክሬ ሰሙን አስለቀቅኩት።

ሣህሌ፣ ምን ልበልህ! ሥሩ ዛሬ ከሳንቲም ማተሚያ የወጣ ይመስላል። የአንበሳው ጎፈር አንድ በአንድ ይቆጠራል። አንዲት አረንጓዴ ነጥብ የለችበትም፣ አንዲት ጭረት የለችበትም። ብርቄ ነፍሷን ይማርና ሁላችንም ሣጥንና ጥጥ ስንል እሷ በማንኪራ ሰም አዳነቻቸው። በሕይወቴ እንዲህ ያለ የንጹሕ ንጹሕ ስብስብ አልያዝኩም። በእኔ ግምት ከሰባው ስልሳ ስምንት ያመጣል፤ ጉራ አይደለም።

የነገሥታቱንና የሕፃናት ዓመቱን የሚመጣው ሳምንት ዓርብ አጸዳቸዋለሁ። ሀምዛ በማግስቱ ይበራል። ደስ ይበልህ!

ሰላሐዲን

*

ቦንጋ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰላሐዲን፣

ነቢዩ ደውሎ «ጋሽ ሣህሌ ያቁም ብለዋል፣ እንዳይነካቸው» ያለህን ሰምተህ እጅህን እንደሰበሰብክ ነግሮኛል። እግዚአብሔር ይስጥህ። ለምን እንደሆነ ሳትጠይቅ ማቆምህን አልረሳውም። ለምን እንደሆነ ደግሞ መጀመሪያውኑ መጻፍ ነበረብኝ፣ አፍሬ ነው የተውኩት። ሽማግሌ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲጽፍ እጁ ይከብደዋል።

በየስብስቡ ትልቁ ሳንቲም ላይ ብርቄ አለች። ሰሙን ትቀባና ሳይደርቅ አውራ ጣቷን ጫን ታደርግበታለች። ከዚያ «ተፈርሟል» ብላ ትስቃለች። ቀልዷ ነበር። መጀመሪያ ያደረገችው በስልሳ ዘጠኙ ላይ ነው፣ በተጋባን ሰሞን።

ከአባቷ ጋር ባንክ የመጣች ቀን አንተም ነበርክ። ሒሳብ ልትከፍት ነበር፣ መጻፍ ስለማትችል በጣቷ ፈረመች። እኔ ያን ወረቀት ይዤ ከጣቷ ምልክት ላይ ዓይኔን መንቀል አቃተኝ፣ አንተም ቀኑን ሙሉ ስትስቅብኝ ዋልክ። በመሠረተ ትምህርት ጽሕፈት ተማረችና ከዚያ ወዲህ ስሟን በትልልቅ ፊደል ትጽፍ ነበር። እሷ ስትኮራ እኔ ደስ አለኝ፣ ግን ያቺ የመጀመሪያዋ ፊርማ ናፈቀችኝ፤ ነግሬያትም ነበር። ለዚህ ነው ሰሙ ላይ የምትፈርምልኝ። የባንኩ ካርድ መቼም ተጥሏል። ፎቶዋ አለኝ፣ ፎቶዋ ላይ ግን ሌላም ሰው ያያታል። ጣቷ የእኔ ነው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሣጥኑን ከፍቼ የእኔን አውራ ጣት በእሷው ላይ ሳልጫን አሳርፈዋለሁ። ከሄደች ወዲህ እንዲህ ነው የምኖረው። ፕላስቲኩ ይህንንም አብሮ አሽጎ ያቆይልኛል ብዬ ነበር።

ተናድጃለሁ። በራሴ ነው የተናደድኩት። አልዋሽህም፣ በአንተም ትንሽ። የቀሩትን ሁለቱን መልስልኝ። ያጸዳኸውንም መልሰው። ደረጃው ይቅር።

ሣህሌ

*

አዲስ አበባ፣ የካቲት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሣህሌ ወንድሜ፣

እስካሁን ያልጻፍኩልህ ምን ብዬ እንደምጀምር ስላጣሁ ነው። አንተ ሁዳዴ ላይ፣ እኔ ረመዳን ላይ ነን፤ ይቅርታ ለመጠየቅ ከዚህ የተሻለ ጊዜ አይመጣም ብዬ ተቀመጥኩ።

ብርቄ ባንክ የመጣች ቀን የቀለሙን ሣጥን ይዤ የቀረብኩት እኔ ነበርኩ። አንተ ልጅቷን እያየህ ስለ ፈዘዝክ አውራ ጣቷን ይዤ ቀለሙን ያስነካኋት እኔ ነኝ። ያጠፋሁትም እኔ ሆንኩ። ይህን ሳስብ ምግብ አይወርድልኝም፤ ባለቤቴ «ጾሙ ሌሊቱንም ሆነብህ እንዴ?» ትለኛለች።

ደብዳቤህ ከደረሰኝ በኋላ የቀሩትን ሁለቱን በማጉያ መነጽር አየኋቸው። የብርቄ ጣት ነው። ከጎኑ ጠባሳዋ አለ፤ ልጅ ሆና ማር ሲቆረጥ ቢላዋ የቆረጣት፣ ስትስቅ የምታሳየን። ሣህሌ፣ እነዚህኑ ሳንቲሞች ስመረምር ሙሉ ቀን ውያለሁ። የንጉሡን ፊት አይቻለሁ፣ ጠርዙን አይቻለሁ፣ ዓመተ ምሕረቱን አይቻለሁ። በላዩ ያለውን ሰው አላየሁም። «ሰም አለው፣ ብርቄ ናት የቀባችው፣ እንዳሉ ይቀራሉ ወይ» ብለህ ጽፈህልኛል እኮ። አንብቤዋለሁ፤ ሥራዬ ብቻ ነበር የታየኝ።

የረገፈውን ሰም ፈልጌ ነበር። ከፈሳሹ ጋር ተደፍቷል። ይህን ልደብቅህ አስቤ ነበር፣ አልቻልኩም።

ሀምዛ ባዶ እጁን ሄደ። ሦስቱንም ሣጥኖች ለነቢዩ አስረክቤዋለሁ፤ የስልሳ ዘጠኙ ራቁቱን ነው የሚመጣልህ። ማረኝ።

አንድ ነገር ግን ብትቆጣም እጽፈዋለሁ። ደረጃው ይቅር ብለሃል፣ ይቅር። የአምባው ነገር ግን አልቀረም። የቀሩት ሁለቱ ጣቶች ካንተ በኋላ ማን ይጠብቃቸዋል? የማያውቅ ሰው ሲያያቸው የቆሸሸ ብር ነው የሚመስሉት፤ እኔም ሳንቲም አውቃለሁ የምለው ሰው እንኳ መስሎኝ አጥቤያለሁ። ለአብርሆት ንገራት። ሁሉንም ንገራት።

ሰላሐዲን

*

ቦንጋ፣ ሚያዝያ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወዳጄ ሰላሐዲን፣

ምሬሃለሁ። ይህን በመጀመሪያው መስመር የጻፍኩት እስከ ታች ሳታነብ እንድትበላ ነው። ማሩን ደግሞ ዘግይቶም ቢሆን ለዒድህ ተቀበለኝ፤ የማንኪራ ነው፣ ከየት እንደመጣ ከታች ታገኘዋለህ።

አብርሆት ለፋሲካ መጣች። ስገባ ስወጣ ቁና ቁና የሚያስተነፍሰኝን አይታ ኖሮ መድኃኒቱን ከትራሴ ሥር አገኘችው። እንግዲህ አንዱ ከታወቀ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት። ልቤን፣ አምባውን፣ ፕላስቲኩን፣ የእናቷን ጣት፣ የስልሳ ዘጠኙን መታጠብ። ከዚያ ተነሥታ ቆመች፤ ስትቆጣ እንደ እናቷ ቆማ ነው የምትናገረው።

«አባዬ፣ ልብህን ለተከራይ ትነግራለህ፣ የእማዬን ጣት ለአዲስ አበባ ትነግራለህ። እኔ ምንድነኝ?»

«ስለ ሳንቲም አታውቂም ብዬ ነው» አልኳት።

«ስለ ሳንቲም አላውቅም። ሰሙን ስታቀልጥ ጣሳውን የሚይዝላት ግን ማን መሰለህ? አንተ ሥራ ቦታ ነህ፤ እኔ ነኝ እጄ እየተቃጠለ የምይዝላት። ‹ለአባትሽ እንዳትነግሪ፣ እሱ እኔ ብቻዬን የሠራሁት ነው የሚመስለው› ትለኝ ነበር።»

ሰላሐዲን፣ ይህን አላውቅም ነበር። በገዛ ቤቴ የሆነውን ከልጄ ሰማሁ።

በማግስቱ ጠዋት የት እንደምትሄድ ሳትነግረኝ ወጣች። ስትመለስ ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ በአንድ እጇ ማር በአንድ እጇ ሰም ይዛ ነው። ማንኪራ አጎቷ ዘንድ ሄዳ ኖሯል። ጣሳውን አሞቀች። ያን የታጠበውን የስልሳ ዘጠኙን ስብስብ አውጥታ ሳንቲሞቹን አንድ በአንድ ቀባቻቸው፤ ሰሙ ሲቀዘቅዝ እንዴት እንደምታወቀው ባላውቅም አወቀችው። ትልቁ ሳንቲም ላይ ስትደርስ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ አውራ ጣቷን ጫን አደረገች።

«ተፈርሟል» አለች።

አለቀስኩ። እንደ ሕፃን አለቀስኩ፣ እሷም አብራኝ አለቀሰች። ነቢዩ በር ላይ ደርሶ የሞተ ሰው ያለ መስሎት ደንግጦ ተመለሰ። ከዚያ ደግሞ ሳቅን።

የብርቄ ያቺ ጣት ሄዳለች፣ አልተመለሰችም። አትመለስም። ግን የአምባው ፍርሃት ለቀቀኝ። የራሱን ጣት ለአንጥረኛ የሚሸጥ ሰው የለም። ሐምሌ ላይ ወደ ቦንጋ ልትዛወር አመልክታለች፤ እኔ አልለመንኳትም፣ እንዳትመጣም አልከለክላትም።

አሁን አንድ ነገር ከአንተ እፈልጋለሁ። እነዚያ የውጭዎቹ በፕላስቲኩ ላይ የሚለጥፉት ወረቀት አለ ብለኸኛል፤ ስሙን፣ ሁኔታውንና ደረጃውን የሚናገር። የእጅ ጽሕፈቱ ከባንኩ ሰው ሁሉ የሚያምረው አንተ ነበርክ። ለሣጥኖቹ እንደዚያ ያለ ጻፍልን። የሚያየው ሰው እንዳያጥባቸው።

ሣህሌ

*

አዲስ አበባ፣ ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሣህሌ ወንድሜ፣

በላሁ። ማሩንም በላሁ፣ ከመጀመሪያው መስመር በታችም አነበብኩ፤ እንደገና አነበብኩ። ባለቤቴም አነበበችው፣ ከዚያ ተራ በተራ ዓይናችንን ጠረግን። አብርሆትን በግንባሯ ሳምልኝ። ኢንሻአላህ ሐምሌ ላይ፣ ከተዛወረች በኋላ፣ ራሴ መጥቼ ይቅርታ እጠይቃታለሁ፤ ያጠብኩት የእናቷን ነውና።

ወረቀቱን ለመጻፍ በጣም ተቸገርኩ። ዕድሜዬን ሙሉ የሌላ ሰው ማርክ ሳነብ ኖሬ ራሴ ስሰጥ ወረቀት ስቀድ ዋልኩ። ከሰባ ስንት ልስጣቸው ብዬ ብዙ አሰብኩና የማርኩን ቦታ ተውኩት። በጥሩ ወረቀት ላይ፣ በጥቁር ቀለም የጻፍኩትን ሦስት ቅጂ ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ። የተሳሳተ ነገር ካለ አርሙት፤ አንዱን በየሣጥኑ ክዳን ውስጥ ለጥፉ። እንዲህ ይላል፦

«የሣህሌና የብርቄ ስብስብ፣ ቦንጋ። ሁኔታቸው፦ በሰው እጅ የተነኩ። እንዳይታጠቡ። የፈረሙት፦ ብርቄ፣ ልጇም አብርሆት። ምስክር፦ ቀለሙን ያስነካው ሰላሐዲን።»